ነብሩ በሬን ያወቀ ቀን

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ነበር። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። የባለቤቴ ስልክ እንደ ወትሮው የስኳሩን ዕቃ ተደግፎ ቆሟል፤ ከውስጡ የሶማሌ ወንዶች ድምፅ ይንጫጫል። እሱ አጠገቡ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ይህ በቤታችን አዲስ ነገር አይደለም። ጆሮ መስጠት ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

"ሹፌሩ፣ ስማኝማ፣" አለ አንድ ጎርነን ያለ ድምፅ። ባለቤቴን ነው። "ስለ አገር መንግሥት ከማውራትህ በፊት የራስህን ደጅ ጠብቅ። ሄይዋርድ፣ አረንጓዴ በር፣ ሁለተኛ ፎቅ። ከደረጃው ሥር የተሰበረ ወንበር። ፊት ለፊት የሴት ልጅህ ነጭ ኮሮላ። ተሳሳትኩ እንዴ፣ ወላል?"

ወላል በሶማልኛ ወንድሜ ወይም እህቴ ማለት ነው። እነሱ ዘንድ ሰው ሊሰደብ ሲል መጀመሪያ ወንድሜ ይባላል።

ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። የምንኖረው ሄይዋርድ ነው። በሩ አረንጓዴ ነው። ፎቁ ሁለተኛ ነው። ኮሮላው የልጄ ነው። ልጄ በዚያች ሰዓት ኮሌጅ ላይብረሪ ነበረች። ትንሽ ቆይታ መጥታ መኪናዋን ደጃችን አቁማ፣ ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ፣ አንገቷን ስልኳ ላይ ደፍታ ያንን ደረጃ ትወጣለች። ከኋላዋ ማን እንዳለ ዞር ብላ አታይም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ባለቤቴን አየሁት። ይስቃል።

"የተሸነፈ ሰው በር ይቆጥራል፣" ብሎ መለሰለት። "እኔ ስለ ፌዴራል ጠየቅኩህ፣ አንተ ስለ ቀለም ታወራለህ። ቀለም ቀቢ ነህ እንዴ?"

ከስልኩ ውስጥ ብዙ ሰው ሳቀ። እኔ ሽንኩርቱን ትቼ ሄጄ በሩን ቆለፍኩ። ሰንሰለቱንም አስገባሁ።

ከየአገሩ በስልክ ገብተው በድምፅ የሚከራከሩበትን ይህን ላይቭ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልንገር። ባለቤቴ የጅግጅጋ ሶማሌ ነው፣ ኦክላንድ ኤርፖርት መንገደኛ ወደ ሆቴል የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል። በዚያ ላይቭ ስሙ ሹፌሩ ነው። እኔ ወላጆቼ ከወሎ የመጡ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ቀፊራ ገበያ ከሶማሌ ሴቶች ጎን ቲማቲም ስሸጥ ነው ሶማልኛ የተማርኩት። ስለዚህ የሚሉትን ሁሉ እሰማለሁ። ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።

አንዱ ከሚኒሶታ ነው፣ አንዱ ከለንደን፣ አንዱ ከናይሮቢ፣ አንዱ ከባድ መኪና እየነዳ ከመንገድ ላይ። ሲጀምሩ ለጆሮ ይጥማሉ። የእናትህ ጉልበት እንዴት ሆነ ይባባላሉ። በረዶው ቆመ ወይ ይባባላሉ። አንዱ የግመል ወተት የት እንደሚገኝ ይጠይቃል፣ ሌላው የመኪናው ፍሬን ሲጮህ ያሰማና ምክር ይሻል፣ አሥር ሰው አሥር ዓይነት ምክር ይሰጠዋል። ከዚያ አንድ የማይታወቅ ሰው "ፌዴራል" ይላል። አለቀ። ግማሹ አንድ መንግሥት ነው የሚያዋጣን ይላል፣ ግማሹ ክልል ካልሆነ ሞተናል ይላል። ከምሳ እስከ እራት። የሚጨቃጨቁበት አገር ለመመለስ ትኬት የቆረጠ አንድ ሰው የለም። ቧንቧችን ማፍሰስ ከጀመረ አራት ወሩ ነው፣ ባለቤቴ አልነካውም፤ የሞቃዲሾን ወደብ ግን እንዴት እንደሚያስተዳድር ያውቃል።

ሁሉም በቅጽል ስም ነው የሚገቡት፤ ግን ቅጽል ስም ሶማሌን አይደብቅም። ሁለት ጊዜ አፉን ከከፈተ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል፣ ካልተናገረም ሌላው ይቆጥርለታል፤ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እስከ አሥረኛ ቤት። አንዱ አንዱን ሊያስፈራራ ሲፈልግ አያቱን ነው የሚቆጥርበት። ይህን ስሰማ ሃያ ዓመት አልፎኛል፣ አያስፈራኝም። አያት የሚኖረው መቃብር ውስጥ ነው። በር ሲቆጠር ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ልጄ ከመቃብር ውስጥ አይደለችም፣ ከበሩ ጀርባ ነው የምትኖረው።

"ማነው እሱ?" አልኩት ባለቤቴን።

"ነብሩ ነው። የበረሃው ነብር። ስድስት ወር ሆነው ሲከራከረኝ።"

"የት ነው የሚኖር?"

"እኔ ምን አውቄ። አንዴ ኖርዌይ ያለ መሰለኝ።"

"በራችንን ማን ነገረው ታዲያ?"

"ፉከራ ነው፣ ተይው ባክሽ።"

"ልጅቷን እኮ ጠራት።"

"ስሟን አልጠራም።"

"መኪናዋን ጠራ። መኪናዋን ያወቀ ስሟን ለማወቅ ምን ይቀረዋል?"

እጁን አንስቶ ዝም አሰኘኝ። ተራው ደርሶ ነው። ስለ ወደቡ ሊናገር።

መኝታ ቤት ገብቼ ለልጄ ደወልኩ።

"ቤት እንዳትመጪ፣" አልኳት።

"ዋት? ማሚ፣ ምን ተፈጠረ?"

"እዚያው ቁጭ በይ። እኔ እመጣለሁ።"

"በምን ነው የምትመጪው?"

እውነቷን ነው፣ መኪና አልነዳም። "በባስ፣" አልኳት። ሳቀች። ነብሩ ያለውን ስነግራት ሳቋን አቆመች።

"ብሎክ አድርጉት በቃ።"

"የሚያውቀው መኪናሽን ነው። መኪና ብሎክ ይደረጋል?"

"እሺ፣ እጠብቅሻለሁ፣" አለች። 

አልጋው ጫፍ ተቀምጬ ጫማዬን እያሰርኩ የሰውዬውን ቃል በልቤ ደገምኩት። አረንጓዴ በር፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው ሥር የተሰበረ ወንበር፣ ፊት ለፊት የልጄ ነጭ ኮሮላ። ሁለተኛ ጊዜ ስደግመው እጄ ቆመ። ቃሉ ብቻ አይደለም፣ ተራው ራሱ እንዲያው ነው። ይህን ተራ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ከራሴ አፍ ነው የሰማሁት።

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሴቶቹም የራሳቸው ላይቭ አላቸው። ሳን ሆዜ ያለች አንዲት ሶማሌ በየእሁዱ ልብስ ትሸጣለች፤ የቤት ቀሚስ፣ ሽቶ፣ ለሠርግ የሚለበሰውን ዲራዕ የሚሉትን ስስና ሰፊ ቀሚስ። አንዱን እያነሳች ለካሜራው ትዘረጋለች፣ ሴቱ ሁሉ ከየአገሩ ይሻማል። እኔም አንድ ወይን ጠጅ ዲራዕ ወደድኩ። አድራሻ በጽሑፍ ላኪልኝ አለችኝ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እጄ ላይ አይታዘዝም፤ ደግሞም የእኛ ግቢ ሁለት ሕንፃ አንድ ቁጥር ነው ያለው፣ ፖስተኛው ራሱ ይሳሳታል። ስለዚህ ማይኩን ተቀብዬ ድሬዳዋ እንደምንናገረው ተናገርኩ። እኛ አገር ቁጥር የጠየቀኝ ሰው የለም። ከመስጊዱ ታጥፈህ፣ ሰማያዊው በር፣ የኒም ዛፏ ያለችበት ይባላል፣ ሰውም አይጠፋም።

"ሄይዋርድ፣ ሁለተኛው ሕንፃ ነው፣ ወላል፣" ብያታለሁ። "አረንጓዴ በር፣ ሁለተኛ ፎቅ። ከደረጃው ሥር የተሰበረ ወንበር አለ። ፊት ለፊት የልጄ ነጭ ኮሮላ ከቆመ እሱ ነው። ባሌ ሹፌሩ ነው፣ የኤርፖርቱ፣ ፖለቲካ ላይቭ ላይ እየጮኸ ስለሚሆን ደወል አይሰማም፣ በሩን በደንብ ምቱት።"

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ "የእኔም ባል እንደዚያው ነው፣ በሩ በመዶሻ ነው የሚመታው" አለች። በመሳቃቸው ደስ ብሎኝ ስለ ቧንቧውም ጨመርኩ። የሚያዳምጠው ሦስት መቶ ሰው ነበር፤ ቁጥሩ ከላይ ጥግ ላይ ይታያል። እኔ ግን ቀፊራ ከአምስት ሴቶች ጋር የተቀመጥኩ ነበር የመሰለኝ።

እንዲህ ነው የሆነው። ሌባ አልመጣም፣ ሰላይ አልመጣም። ልጄን ከነመኪናዋ ለሦስት መቶ ሰው የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ወንዶቹ ሲለፈልፉ ስነቅፍ የኖርኩት እኔ።

ለባለቤቴ ልነግረው ፈልጌ ሳሎን ወጣሁ። ማይክ ላይ ነበር። በእጁ ምልክት "ቆይ" አለኝ። ቆየሁ። ስለ ጉምሩክ ጀመረ። ትቼው ወጣሁ።

ደረጃውን ስወርድ ከሥሩ አየሁ። ወንበሩ የለም። ረስቼው ነው እንጂ ከሁለት ሳምንት በፊት አከራያችን ወረቀት ለጥፎ ባለቤቴ ራሱ አውጥቶ ጥሎታል። እዚያው ቆሜ አሰብኩ። ይህ ሰውዬ አይቶ ቢሆን ኖሮ ወንበሩን አይጠራም ነበር። በሬን በዓይኑ አላየውም፣ በጆሮው ብቻ ነው የያዘው። ትንሽ ትንፋሼ ተመለሰ። ብዙ አይደለም። ትናንት ያላየ ሰው ነገ ማየት ይችላል፤ ዛሬ ደግሞ ወንዶቹም ሰምተዋል፣ ንግግሩ ሁሉ ተቀድቶ ይቀመጣል፣ የፈለገ ይከፍተዋል።

በባስ ሄጄ ልጄን ከኮሌጁ በር ላይ አገኘኋት። ኮሮላውን ቤት ይዘን አንገባም አልኳት። ካስትሮ ቫሊ የምንከባከባቸው አሮጊት አሉ፣ በሳምንት አምስት ቀን ቤታቸው እሠራለሁ። መኪናው እሳቸው ደጅ አደረ። እኛ በታክሲ ተመለስን። 

"ኮሮላው የት ሄደ?" አለ ባለቤቴ።

"ጓደኛዋ ተውሳው ነው፣" አልኩ። ልጄ አየችኝ። እሱም ወደ ስልኩ ተመለሰ። ዋሽቼው እንኳ በቂ ጊዜ አልሰጠኝም።

በማግስቱ እሁድ፣ ረፋዱ ላይ፣ የሴቶቹ ላይቭ ሲከፈት ገባሁ። ሐሳቤ ቀላል ነው። ሻጯ ደንበኞቿን በድምፅ ታውቃለች፤ ያን ቀን ከሰሙኝ መሃል ባሏ በወንዶቹ ላይቭ የሚከራከር የትኛዋ እንደሆነች ትነግረኛለች። ግን ይህን በአደባባይ መጠየቅ አይቻልም። አንዴ ተምሬያለሁ።

"ዲራዕ በእጄ ዳስሼ መምረጥ እፈልጋለሁ፣" አልኳት። "ቤትሽ የት ነው?"

"አድራሻ እዚህ አይነገርም፣ ወላል፣" አለች ሽቶ እያሸገች። "ሰዉ ብዙ ነው። ኢንቦክስ አደርግልሻለሁ።"

ጆሮዬ ጋለ። ከሦስት ሳምንት በፊት ይህን ምክር የት ደብቀሽው ነበር አልኩ በልቤ።

አድራሻው ደረሰኝ። ልጄ ናት የነዳችው። ኮሮላውን ከካስትሮ ቫሊ አንስተን ፍሪዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ገባን። ፍሬሞንት ከተማን እስክናልፍ ድረስ አፌ ውስጥ ሳላላምጥ የያዝኩትን ነገርኳት። በራችንን ላይቭ ላይ ለሦስት መቶ ሰው የነገርኩት እኔ ነኝ አልኳት።

"ማሚ። ለሦስት መቶ ሰው?"

"ሴቶች ናቸው ብዬ።"

"በምን አወቅሽ?"

"ሁሉም ፎቷቸው አበባ ነው።"

"አበባ ሁሉ ሴት ነው?"

ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ግን እጇን ከመሪው አንስታ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችው። ይህ ከቁጣዋ ይልቅ ሊያስለቅሰኝ ነበር።

የሻጯ ቤት ሳን ሆዜ፣ እንደ እኛው ያለ አፓርትመንት ነው። ደወሉን ስንጫን በሩን አንድ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ወንድ ከፈተ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ወጥቷል። መጋዘን የሚሠሩ ሰዎች የሚታጠቁትን ሰፊ የወገብ ቀበቶ በሽርጡ ላይ አስሯል። በእጁ የወጥ ማማሰያ ይዟል።

"ግቡ፣ ግቡ፣" አለ በሶማልኛ። "ላይቭ ላይ ናት፣ አሁን ትጨርሳለች። ጫማ አታውልቁ፣ ወለሉ ሁሉ ካርቶን ነው።"

የልጄን አንጓ ያዝኩ። ያ ጎርናና ድምፅ ነው። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደግሞ እስኪናገር ጠበቅኩ።

"ከየት ናችሁ?" አለ፣ ካርቶኖቹን በእግሩ እየገፋ መቀመጫ እያበጀልን። "የእነማን ናችሁ?"

አልተሳሳትኩም። ለመሸሽ በሩ ከኋላዬ ነበረ፣ ክፍት ነው። ልጄ ግን እጄን አስለቅቃ ገብታ ቁጭ ብላለች፤ የሰውየውን ድምፅ አታውቀውም።

"ከሄይዋርድ ነን፣" አልኩት። "አረንጓዴ በር፣ ሁለተኛ ፎቅ። ወንበሩን ግን ጥለነዋል።"

ማማሰያው አየር ላይ ቆመ። አንዴ እኔን አየ፣ አንዴ ልጄን።

"ባለ ኮሮላዋ እሷ ናት፣" አልኩት። "እይልኝ እንጂ። ታች ቆሟል፣ መኪናዋንም ማየት ትችላለህ።"

ምድጃው ላይ ድስቱ ገንፍሎ መንጫጫት ጀመረ። ሄዶ እሳቱን ቀነሰ። ሲመለስ ማማሰያውን ትቶት መጣ። ልጄ ገብቷታል፤ ተነስታ አጠገቤ ቆመች። ምላሴ ሌሊቱን ሙሉ ሲሰላ ነው ያደረው።

"እኔ ሶማሌ አይደለሁም፣" አልኩት። "ያደግኩት ግን ከእናንተ ጋር ነው። ልጅ ሳለሁ በገጠሩ ሁለት ጎሳ ተጣልቶ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። ወተት ሻጮቹ ሴቶች ግን ጠዋት ጠዋት ዕቃቸውን ተሸክመው በመሃል አልፈው ቀፊራ ይመጡ ነበር። አትፈሩም ወይ ስላቸው ምን አሉኝ መሰለህ? ሴት፣ ልጅ፣ ሽማግሌ፣ እንግዳ ብረት አይነካውም፣ የአባቶች ሕግ ነው አሉኝ። ጦር የያዘ ሰው የጠበቀውን ሕግ አንተ ስልክ ይዘህ አፈረስከው።"

መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፣ አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው።

"እህቴ፣ ፉከራ ነበር። ወላሂ ደጅሽን አላየሁትም።"

"አውቃለሁ። ብታይ ወንበሩን ባልጠራህ።"

"ሚስቴ ስትሸጥ ከዚያ ክፍል ሆኜ ሰማሁ። ሹፌሩ ሲባል ጆሮዬ ቆመ። እና ትናንት አናደደኝ። ስድስት ወር ሙሉ አንድ ጥያቄ ጠይቄው አልመለሰልኝም።"

"እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ጠይቄው አልመለሰልኝም። በሩን ለሰው እሰጣለሁ?"

ልጄ ሳቋ አመለጣት። እሱም ሊስቅ ብሎ ተወው።

በዚህ መሃል ሻጯ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከውስጥ ወጣች። ድምፄን አወቀችው። ምን እንደሆነ በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገርኳት። አልጮኸችም። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ እየጠቀለለች ባሏን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"የደንበኛዬን ደጅ?" አለችው። "አደራ የተሰጠኝን? ከዚህ በኋላ የትኛዋ ሴት ናት ለእኔ አድራሻዋን የምትልክ?" ወደ እኔ ዞረች። "እዚያ ማን ነው የሚባለው?"

"ነብሩ።"

"ነብሩ፣" አለች። "ትናንት ማታ ወገቡን በቅባት ያሸሁት እኔ ነኝ። ከአልጋ ሲነሳ እኮ እኔን ይዞ ነው። ነብሩ፣ ስልክህን አምጣ።"

"አሁን?"

"ሰዉ አሁን የለም? ሁልጊዜ አለ አይደል?"

ገባ። የወንዶቹ ላይቭ ላይ ማይክ ጠየቀ። እኔ ካርቶን ላይ በቅመም የተፈላ ሻይ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ከነብሩ ስልክ ውስጥ የባሌ ድምፅ ወጣ።

"ነብሩ መጣ፣" አለ ባለቤቴ። "ዛሬስ የማንን በር ልትቀባ ነው?"

ከየአገሩ ሳቁ። ነብሩ እስኪያበቁ ጠበቀ።

"ወላል፣" አለ። "ትናንት ያልኩትን አንስቻለሁ። ልጅህ ልጄ ናት። ቤትህንም አይቼው አላውቅም። ላይቩን የሚመሩት አባት፣ እባክዎ የትናንቱን ቅጂ ያጥፉት። ከዛሬ በኋላ ያንን በር የሚያነሳ ሰው ቢኖር ጠቡ ከሹፌሩ ጋር አይደለም፣ ከእኔ ጋር ነው።"

"ምን ነካህ? አመመህ?"

"አላመመኝም። ሚስትህ ቤቴ ሻይ እየጠጣች ነው።"

ከዚያ ስልክ ውስጥ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ሰማሁ። ቆየ። ከለንደን የሚገባው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠራርጎ "ወንድሞች፣ ኔትወርኩ ተቋረጠ?" አለ።

"ስጣት ስልኩን፣" አለ ባለቤቴ።

"እየሰማሁህ ነው፣" አልኩ።

"እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?"

ስንት መቶ ሰው እንደሚሰማ አሰብኩ። "ዲራዕ ልገዛ መጥቼ ነው። ቤት እንነጋገራለን፣" ብዬ ስልኩን መለስኩ።

ላይቩን የሚመሩት ከሚኒሶታ አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ሲያስሉ ነው የማውቃቸው። አሁንም አስለው፣ "አጠፋሁት፣ ልጆቼ። ሴት ልጅ በክርክር አትነሳም። ይህን የማያውቅ ሰው ማይክ አይሰጠውም፣" አሉ። ልጄ በራሷ ስልክ ገብታ ፈለገች። የለም። ሁለተኛ ጊዜ ፈለገች። የለም። ሻጯም የራሷን የሦስት ሳምንቱን ቅጂ እያየሁት አጠፋችው።

"ያን ቀን ላቋርጥሽ ይገባኝ ነበር፣" አለችኝ ቀስ ብላ። "ሴቶቹ እየሳቁ ስለነበረ ተውኩሽ። ሲስቁ ብዙ ይገዛሉ።"

ይህን ስለነገረችኝ አልተቀየምኳትም። ያልነገረችኝ ቢሆን ነበር የምቀየማት።

ስንወጣ ነብሩ ወገቡን ይዞ እስከ መኪናው ሸኘን። ኮሮላውን ሲያይ ቆመ። ከዚያ በጭንቅ ቁጢጥ ብሎ የኋላውን ጎማ በአውራ ጣቱ ተጫነው።

"ይሄ አየር ይፈልጋል፣" አለ ለልጄ። "ፍሪዌይ እንዳትገቢበት። ጥጉ ላይ ማደያ አለ።"

"ታንክ ዩ፣ አዴር፣" አለችው ልጄ። አዴር አጎቴ ማለት ነው። ቃሉን ከአባቷ ነው የተማረችው። ሰውየው መሬት መሬት አየ።

ጎማውን አስነፍተን ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ደረጃው ሥር ቆሞ ነበር፣ ወንበሩ የነበረበት ቦታ ላይ። እጁ ባዶ ነው። ስልኩን ፎቅ ላይ ትቶት ወርዷል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እጁን ባዶ ያየሁበት ቀን ጥቂት ነው።

"የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣" አልኩት ሳላርፍ። "ልብስ ሲያመጡልኝ ምልክት ብዬ። ቀፊራ መስሎኝ።"

አሰበ። "እየጮኸ ነው አልሻቸው?"

"ምን?"

"ነብሩ በውስጥ መስመር ነገረኝ። ባሌ እየጮኸ ደወል አይሰማም ብለሻል።"

"ትጮኻለህ እኮ።"

"ለሦስት መቶ ሰው ይባላል?"

ልናገር ስል ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ትናንት እኔም ፈርቻለሁ፣" አለ። "ሰዉ ሁሉ እየሰማኝ ምን ልበል? ሳቅኩ። ኮሮላው ሲጠፋማ ጓደኛዋ ተዋሰችው ስትይኝ ዝም ያልኩት ቦታው ባዶ መሆኑን ስለወደድኩት ነው።"

ይህን ቅዳሜ ቢነግረኝ ኖሮ ስንት ነገር ይቀልልኝ ነበር። አልኩት። "ማይክ ላይ ነበርኩ፣" አለ። 

ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል። አድራሻውን ልጄ በስልኬ ጽፋልኛለች፣ ልብስ ሳዝ እሱኑ እልካለሁ፣ አፌን አልከፍትም። ባለቤቴና ነብሩ አሁንም ይከራከራሉ፤ ጥያቄውም እስካሁን አልተመለሰም። ነብሩ በመጨረሻ "ኮሮላዋ እንዴት ናት?" ብሎ ይጠይቃል፣ ባለቤቴ "ደህና ናት፣ ዘይት ቀይረናል" ይለዋል፣ ከዚያ ወደ ፌዴራል ይመለሳሉ። ቧንቧው አሁንም ያፈሳል።

ያን እሁድ ግን ልጄ ኮሮላውን ከቦታው አቁማ፣ ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ፣ አንገቷን ስልኳ ላይ ደፍታ ደረጃውን ወጣች። ቀና በይ አላልኳትም። ተከትያት ገባሁ። በሩን ቆለፍኩ፣ ሰንሰለቱን ግን ተውኩት። ልጄ ቤት ናት። ማንም አልተከተላትም፣ ማንም አይከተላትም። ደህና ነን።